የምድር ቤቱ ቱቦ

በቤታችን የማይጣስ ሕግ አንድ ነበር፤ የድንች ማከማቻውን ምድር ቤት የሚዘጋ ሰው አስቀድሞ ወደ ታች ሦስት ጊዜ "ሰው አለ?" ብሎ ይጣራል። አባቴ ያወጣው ሕግ ነው። "ድንቾቼ ከልጄ ይልቅ ይሰሙኛል" ይል የነበረው እሱ፣ እውነቱን ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ውርጩ ሲበረታ የዘር ድንቹ እንዳይበላሽበት የከሰል ማንደጃ ይዞ ወረደ። እኔ ገበያ የሄደ መስሎኝ ነበር። ሥራ ረፍዶብኝ፣ እጄ በብርድ ደንዝዞ፣ መዝጊያውን በእግሬ ገፍቼ ዘግቼው ሄድኩ። የገደለው የከሰሉ ጭስ ነው አሉ። መውጫውን የደፈንኩት ግን እኔ ነኝ።

በቀብሩ ማግስት እናቴ "ጠርተሽ ነበር?" አለችኝ።

"ሦስት ጊዜ" አልኳት። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች፤ እኔም በየሳምንቱ እዋሻለሁ።

አባቴ ሲስል ሁለቴ ነበር፤ አንዱ ጉሮሮውን ለመጥረግ፣ ሌላው ወሬ ለመጀመር። ከሞተ በኋላም ምድር ቤቱ በወረድኩ ቁጥር ሁለቴ ሲስል እሰማዋለሁ። ለማንም አልነገርኩም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

ዘንድሮ ውርጩ ሲመለስ፣ እዚያ ዳግመኛ ከሰል እንዳይወርድ ቆረጥኩ። በያጅ ነኝ። ከቆርቆሮ ሳጥን ሠራሁ፣ ውስጡን ጥቁር ቀብቼ ፊቱን በመስተዋት ሸፈንኩና ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ አቆምኩት። አንዱ ቱቦ ከምድር ቤቱ ቀዝቃዛውን አየር ይስባል፣ ሌላው የሞቀውን ይመልሳል፤ በፀሐይ የምትሠራ ትንሽ ማራገቢያም አየሩን ትገፋለች። ጎረቤታችን አናጢው አይቶ፣ "ለድንች እንዲህ ከተደረገ ለእኔ ወገብማ ሁለት ይገባዋል" አለ።

እናቴ አልሳቀችም። መስተዋቱን ልወልውል ብላ ውጭ ቀረች፤ እኔ ሙቀቱን ልለካ ወረድኩ። መለኪያው ሦስት ዲግሪ ይላል። ይህ ድንች ከቀዘቀዘ ለከርሞ የምንዘራው የለንም።

ደመና መጣና ማራገቢያዋ ቆመች። በዝምታው መሐል፣ ከጆንያዎቹ ኋላ፣ ያ ሳል ሁለቴ ተሰማ። ወደ ጆንያዎቹ ዞርኩ።

"አባዬ፣ አልጠራሁም" አልኩት። "አንዴም አልጠራሁም። እማዬን ዋሽቻታለሁ።"

"አውቃለሁ" የሚል ድምፅ በቱቦው መጣ።

የእናቴ ነበር። ቱቦውን ስዘረጋ አየር እንጂ ቃል ያልፍበታል ብዬ አላሰብኩም።

"የዚያን ቀን በመስኮት አይሽ ነበር" አለች። "እሱ ከታች መሆኑንም አውቅ ነበር። ሙቀቱ እንዳይወጣ ብዬ ዝም አልኩ።"

"ታዲያ ለምን በየሳምንቱ ትጠይቂኛለሽ?"

"ጠርተሽው ካልመለሰ፣ ያኔውኑ ሞቶ ነበር ማለት ነዋ። ያንን ከአንቺ አፍ መስማት ነበር የምፈልገው።"

ስወጣ መዝጊያው አጠገብ ቆማ ጠበቀችኝ። ጎንበስ አለችና "ሰው አለ?" አለች። ደገመችው። ሦስተኛውን ከጠራች በኋላ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ዋጥን።

ከታች ያ ሳል ሁለቴ ተሰማ። እናቴ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ፤ እሷም ሰምታዋለች።

መዝጊያውን ለመንካት ሁለታችንም አልደፈርንም። ቀኑን ሙሉ የሰበሰብኩት ሙቀት በተከፈተው አፍ ወጥቶ አለቀ። በማግስቱ የዘር ድንቹን በሙሉ ውርጭ መትቶት አገኘነው።