ጋሼ የገጠሙት ኮምፒውተር

የባሏን ታላቅ ወንድም በቤተሰቡ ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ካቻቢቴ ከኪሳቸው ስለማይጠፋ «ጋሼ ካቻቢቴ» ነው የሚባሉት፤ በሌሉበት ማለቴ ነው። ሰዓት ይፈታሉ፣ ምድጃ ይፈታሉ፣ የጎረቤት ሬዲዮ ይፈታሉ። በመፍታቱማ ማን ብሏቸው። ሲገጥሙ ግን አንድ ሁለት ብሎን ሳይተርፋቸው አይቀርም፤ «ይኼ ፋብሪካው ያበዛው ነው» ብለው ኪሳቸው ይከቱታል። ማንም ምንም አይላቸውም። አባታቸው ሲሞቱ ታናናሾቻቸውን ያሳደጉት እሳቸው ናቸውና፣ ማን ደፍሮ ይናገራል?

እሷ፣ የታናሽ ወንድማቸው ሚስት፣ የሕንፃ ንድፍ ሠሪ ናት። የምትሠራበት ቢሮ ከተዘጋ ስምንት ወር ሆኗታል። በር ስታንኳኳ ከርማ፣ በመጨረሻ የድሮ አለቃዋ ከአንድ ተቋራጭ ጋር አገናኛት። ሰውየው ሊሠራ ያሰበውን ክሊኒክ በስክሪን ላይ፣ ከበሩ ገብቶ ክፍል ለክፍል እየዞረ ማየት ይፈልጋል። ዐርብ ጠዋት ቤቷ መጥቶ ያያል፤ ከወደደው የቋሚ ሥራ ውል ይፈርማሉ። ከዚህ ሌላ ተስፋ አልነበራትም።

ችግሩ ኮምፒውተሯ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ክሊኒኩን ትንሽ ዞር ሲያደርጉት ድርቅ ይላል። እሷና ባሏ ሱቅ ሄደው ርካሽ ግራፊክስ ካርድ፣ ለስክሪኑ ምስሉን የሚያፈጥነውን ዕቃ፣ ጠየቁ። ሻጩ ጨዋ ሰው ነበር። «ለዚህ እርጅናው ይኼ ይበቃዋል፤ ከዚህ የሚበልጠውን የኤሌክትሪክ ሳጥኑ አይችለውም» አላትና፣ «አምጪው፣ እኔው ልግጠምልሽ፤ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም» ብሎ ጨመረ።

እሺ ልትል አፏን ስትከፍት ባሏ ክንዷን ነካ አደረጋት። «ጋሼ እያሉ ሌላ ሰው አስነክተን? ሲሰሙ ይቀየሙናል።»

ይሉኝታ ያዛትና አፏን መልሳ ዘጋች።

እሑድ ጋሼ ልጆቻቸውን አስከትለው መጡ። የኮምፒውተሩን ሳጥን ከፈቱ፣ አቧራውን እፍ አሉት፣ ካርዱን ቦታው ላይ ጫን አድርገው አስገቡት። ሲያበሩት የካርዷ ማራገቢያ ሽር አለች። «ይኸው፣ ነፍስ ዘራ» አሉ፤ ልጆቹም አጨበጨቡ። እሷ ስለ ስክሪኑ ገመድ አንድ ነገር ልትጠይቅ ስትል፣ «የኔ ልጅ፣ አንቺ ንድፍሽን ንደፊ፤ ይኼን ለኔ ተዪው» አሏት። ከዚያ ሳጥኑን ከጠረጴዛው ሥር ጥግ ድረስ ገፍተው፣ እሳቸው ሳይኖሩ ማንም እንዳይነካው አዘዙ።

ኮምፒውተሩ ግን ያው ነው። ሰኞም ያው፣ ማክሰኞም ያው። «ላውጣውና ልየው» ስትል ባሏ፣ «ነገ መጥተው ቢያዩ ምን ይሉናል? ምናልባት ፕሮግራሙ ከብዶት ይሆናል» አላት። እሷም ርካሽ ስለገዛች ራሷን ወቀሰች። የክሊኒኩን ዛፎች አጠፋች፣ መስኮቶቹን ቀነሰች፣ ወንበሮቹን አወጣች። ዐርብ ሲደርስ ክሊኒኩ ባዶ መጋዘን መስሏል፤ ያም ሆኖ ተቋራጩ ፊት ምስሉ ከበሩ አላልፍ አለ። እሷ ቁልፉን ትጫናለች፣ ሕንፃው ይደርቃል፤ ትጠብቃለች፣ ዘሎ ግድግዳ ውስጥ ይገባል። ሰውየው ሰዓቱን አየ። «እናስብበትና እንደውላለን» ብሎ ተነሣ። እንደማይደውል ያኔውኑ አወቀችው።

ጋሼ ወሬው ሲደርሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ኮምፒውተሩማ ምን ይበል፤ እጇ ሥራ ፈትቶ ከርሞ ነው።» ክፉው ነገር፣ እሷም አመነቻቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ጊዜ ጥሎኛል፣ በቃኝ፣ እያለች ተብሰለሰለች።

ሰኞ ጠዋት ቤት ስትጠርግ ሳጥኑን ጎተተችው። የስክሪኑ ገመድ የተሰካው በድሮው ሶኬት ላይ ነው። ከታች፣ የአዲሱ ካርድ ሶኬት የፕላስቲክ ክዳኑን እንኳ አላወለቀም። ማራገቢያዋ ስትሽከረከር ከርማለች እንጂ ካርዷ ለስክሪኑ ያደረገችው ነገር የለም። ገመዱን ነቅላ ታች ሰካችው። ዛፎቹን መለሰች፣ መስኮቶቹን መለሰች፣ በበሩ ገባች። ክሊኒኩ ያለ አንዳች መንገራገጭ ክፍል በክፍል ተከፈተላት። ወዲያው ተቋራጩ ጋ ደወለች፤ ሥራውን ቅዳሜ ለሌላ ሰው እንደሰጠ ነገራት። ስልኩን ዘግታ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ባሏ ሲገባ ገመዱን አሳየችው፤ ሁሉንም ነገረችው። ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ።

«ለጋሼ እንዳትነግሪያቸው» አለ። «ይሰብራቸዋል።»

ፊቱን ትክ ብላ አየችው። «አልደነገጥክም» አለችው።

 ኮቱን ሊሰቅል ዞር ሲል፣ «አንተን እኮ ነው» አለች።

«ገመዱን ድሮው ላይ ሲሰኩት አይቻቸው ነበር» አለ፣ ጀርባውን እንደሰጣት። «ልጆቻቸው ፊት እንዴት ብዬ ላርማቸው? ኋላ እነግርሻለሁ ብዬ ነበር። ከነካሽው ደግሞ ማን እንደነገረሽ አይጠፋቸውም።»

«እሺ እሑድ ይሁን» አለች። «ዐርብስ? ሰውየው እዚህ ተቀምጦ እኔን ላብ ሲያጠምቀኝ የት ነበርክ?»

የት እንደነበረ ሁለቱም ያውቃሉ። ከወንበሯ ኋላ፣ ለእንግዳው ውሃ ይዞ ቆሞ ነበር።