ቀሚሱን አትንኩት

እናትየው ክፉ ነገርን በር ላይ ወጥታ የምትጠብቅ ሴት ነበረች። ስልክ ሲጠራ “ማን ልበል?” ብላ አታውቅም፤ “ማን ሞተ?” ነው የምትለው። ዕድሜዋን የፈጀችው በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የታማሚ አንሶላ ስታጥብ፣ ስትተኩስና ስታጥፍ ነው። ከላይ አንሶላ ሲወርድላት፣ ተኝቶበት የነበረው ሰው ድኖ ይሂድ ወይም ሌላ ነገር ይሁን የሚነግራት አልነበረም። እሷ ሁልጊዜ ሌላውን ትገምታለች።

ስለዚህ ሐኪሙ ስለ ልጇ “በሚቀጥለው ቀጠሮ ክብደቷ ቀንሶ ከመጣ እናስተኛታለን፤ ልቧ እየደከመ ነው” ሲል፣ ሰው ሁሉ አልጋ ሲታየው ለእሷ የታያት አንሶላው ነው።

ልጅቷ ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ መነጽር ቤት የምትሠራ፣ ባለትዳር ሴት ናት። ለቤተሰቡ ግን እስከ ዛሬ ሚጡ ናት። ሚጡ ምግብ ከሸሸች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ማዕድ ትቀርባለች፣ ትቆራርሳለች፣ ሳህኑ ላይ ያለውን ከዳር ዳር ታንሸራሽራለች፤ ወደ አፏ የሚሄድ ግን የለም። አጥንቷ እየተቆጠረ መስታወት ፊት ቆማ “ወፈርኩ” ትላለች። ሐኪሞቹ አኖሬክሲያ ብለውታል። እናትየው በበኩሏ መጀመሪያ ጨጓራ ነው አለች፤ ቀጥሎ ትል ነው አለች፤ ከዚያ ባሏ ነው አለች።

“ከሳሽ እኮ ልጄ” ባለቻት ቁጥር ሚጡ የቀሚሷን ወገብ ይዛ ታሳያታለች። “የታለ? በቀለበቴ ቀን የለበስኩት አረንጓዴ ቀሚስ ዛሬም ልኬ ነው። ሰው ከስቶ ልብሱ ልኩ ይሆናል?” እናትየው ቀሚሱን ታያለች፤ እውነትም ልኳ ነው።

ባልየው ልብስ ሰፊ ነው፤ አንገቱ ላይ ሜትር ጥሎ የሚውል፣ ከሰው ይልቅ ከጨርቅ ጋር የሚያወራ ረጅም ሰው። አማቱ “ልጄን የበላት የዚህ ሰውዬ ዝምታ ነው” ትላለች። የሆስፒታሉ ክሊኒክ እሱን አስጠርቶ “ሕክምናው የሁለታችሁ ነው” ሲል ታዲያ ሳትጋበዝ ተከትላቸው ሄደች።

የምክር ባለሙያዋ አጭር፣ ፈገግታ የማይጠፋባት ሴት ናት። ባልና ሚስቱን አስገብታ በሩን ልትዘጋ ስትል የእናትየው እግር መሃል ገባ።

“እኔስ?”

“እርስዎ እዚህ ይጠብቁን፣ እናቴ።”

“አምጬ የወለድኳት እኔ! እሱ የትናንት ሰው ነው!”

“ልክ ነዎት። ግን ሚጡ ትልቅ ሰው ናት፤ አብሯት የሚበላው፣ አብሯት የሚተኛው እሱ ነው። በሽታው የተቀመጠው እነሱ ቤት ነው። እዚያው ካልታገልነው አይወጣም።”

“ባል የሚያክም ከሆነ አንቺ ደመወዝ የምትበዪው ለምንድነው?”

ባለሙያዋ ሳቀች። “እሱ አያክምም፣ አይጠብቃትምም። ከበሽታው ጋር ሳይሆን ከእሷ ጋር መቆም ነው የሚማረው። እስካሁን ሳያውቀው ከበሽታው ጎን የቆመበት ቦታ ካለ ያንን እንፈልጋለን።”

በሩ ተዘጋ። እናትየው አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ከውስጥ ድምፅ ጠበቀች። ከዚያ የልጇ ጩኸት ተሰማ፦ “እንዴት ታደርገዋለህ? እንዴት?” ሲወጡ ባልየው ዓይኑ ቀልቷል፤ ሚጡ ከፊት ከፊቱ እየሄደች ዞራ አላየችውም።

“ምን አደረገሽ?” አለች እናትየው።

“እሱን ጠይቂው።”

ብትጠይቀውም አልነገራት።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ቤታቸው ሄደች። ሩዝ፣ እንቁላልና ዳቦ ቀርቧል። ባልየው ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ከሚስቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይበላል፤ አይለምናትም፣ ጉርሻዋን አይቆጥርም። ሚጡ አንድ ማንኪያ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው፤ እንባዋ ሩዙ ላይ ወረደ።

“ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ” አላት። “እስክትጨርሺ አልነሳም።”

እናትየው አልቻለችም። ብድግ ብላ ሳህኑን አነሳች። “በቃ! በቃ ልጄ፣ ተዪው። ካልበላሽስ ምን ይመጣል?”

“እማማ፣ ሳህኑን ይመልሱት።”

እናትየው ደነገጠች። ይህ ሰው ቀና ብሎ ተናግሯት አያውቅም። “እያለቀሰች እኮ ነው!”

“እያለቀሰች ትብላ።”

“ጨካኝ! ከጨርቅ ጋር ስትውል ልብህም ጨርቅ ሆነ!”

“ይሁን። ሳህኑን ግን ይመልሱት።”

ሚጡ ጠረጴዛውን መታችው። “በቃ ሁለታችሁም!” ብላ መኝታ ቤት ገብታ ቆለፈች። ሩዙ እናትየው እጅ ላይ ቀዘቀዘ።

ያን ቀን ቆረጠች፦ ልጇን ወደ ራሷ ቤት ትወስዳለች። የእህቷ ልጅ ሠርግ ማግስቱን ነበር፤ የሐኪሙ ቀጠሮ ደግሞ ከሠርጉ በኋላ። አመሻሹ ላይ ሻንጣ ይዛ፣ የምትለውን በመንገድ እያጠናች ልብስ ሰፊው ሱቅ ሄደች። በሩን ስትከፍት ግን ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት።

ሚጡ መስታወት ፊት ቆማለች። አረንጓዴውን ቀሚስ ለብሳለች፤ ለበሰች ከማለት ቀሚሱ ላይዋ ላይ ተሰቅሏል ማለት ይቀላል። ትከሻው ወርዷል፣ ወገቡ ሌላ ሰው ያስገባል።

“ይሄ የማነው?” አለች እናትየው።

“የኔ ነው” አለች ሚጡ፣ ከመስታወቱ ሳትዞር። “የቀለበቴ ቀሚስ። ንገራት እንጂ! እዚያ ለባለሙያዋ እንደነገርካት ንገራት!”

ባልየው ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። “ልብሷን የምተኩሰው እኔ ነኝ፣ እማማ። ሲሰፋባት አየሁና እንዳይከፋት ብዬ ጎኑን ጠበብ አደረግሁት። እንደገና ሰፋ፣ እንደገና አጠበብኩት። ቀሚሱን፣ ሱሪውን፣ የሥራ ካፖርቷን ሳይቀር። ሳልነግራት። ትናንት ሁሉንም ተርትሬ ወደ ልኩ መለስኩት።”

“ልብሴ ልኬ ነው ስል ኖርኩ” አለች ሚጡ። “ሐኪሙን ተከራከርኩት፣ እናቴን ተከራከርኳት። ለካ መከራከሪያዬን የሚሰፋልኝ ባሌ ነው!”

“እኔ ነኝ” አለ።

“እሺ፣ አሁን አጥብበው። ነገ ሠርግ ነው፤ ይሄን ለብሼ ሰው ፊት አልቆምም።”

“አላጠብበውም።”

“አንድ ቀን ብቻ!”

“አንድ ክርም አልነካም። ብትፈልጊ ፍቺኝ፤ በሽታሽን ግን ሁለተኛ አላለብሰውም።”

“እማ!” አለች ሚጡ ወደ እናቷ ዞራ። “አንቺ መርፌ ታውቂያለሽ።”

እናትየው ሻንጣውን አስቀመጠች። መርፌና ክር ከጠረጴዛው አነሳች፤ የልጅ ልመና አይታለፍም። ተንበርክካ የቀሚሱን ጎን በሁለት ጣቷ ሰበሰበች። ጨርቁ መጣ። አሁንም ሳበች፤ አሁንም መጣ። አጠፈችው፣ እንደገና አጠፈችው፤ የልጇ ጎን ጋ ግን ገና አልደረሰችም። ጨርቅ ማጠፍ ለእጇ አዲስ አይደለም። ይህን ያህል ጨርቅ ባዶ ሆኖ የሚታጠፈው ከስሩ ሰው ሲጠፋ ብቻ እንደሆነ እጇ ያውቃል። ያጠፈችው ሁሉ ልጇ የነበረችበት ቦታ ነው።

ዕድሜ ልኳን ስትፈራው የኖረችው ነገር መጥቶ እጇ ላይ ተቀምጧል። ለካ ሲመጣ በር አያንኳኳም። እሷ ደግሞ መርፌ ይዛ ልትሰፋበት ነው።

ተነሳች። መርፌውን ጠረጴዛው ላይ ሰካችው።

“አይጠበብም።”

“እማ!”

“አይጠበብም አልኩ! እንዳለ ትለብሺዋለሽ። ሰው ይየው። እኔም ልየው። ስትሞዪው ያን ጊዜ ልክ ይሆናል።” ከዚያ ወደ አማቿ ዞረች። “አንተ ደግሞ ለሁለት ዓመት ስትሰፋ ኖረህ ዛሬ ወንድ ሆንክ!”

“ዘገየሁ፣ እማማ።”

“ዘግይተሃል። ሻንጣውን አቀብለኝ፣ ወደ ቤቴ ልሂድ።”

ሚጡ ወደ መስታወቱ ዞረች። የቀሚሱን ወገብ ይዛ ወደ ፊት ሳበችው፤ በእሷና በጨርቁ መካከል ያለውን ክፍተት ቁልቁል አየችው። “ይሄ ሁሉ?” አለች በቀስታ።

በማግስቱ ሠርጉ ቤት ቀሚሱን እንዳለ ለብሳ ገባች። የእናትየው ታላቅ እህት፣ ምላሷ ከእሷ ቀድሞ ቤት የሚገባ ሴት፣ ከላይ እስከ ታች አየቻት። “ውይ ሚጡ! ቀሚሱን ከማን ተዋሽው?”

“የራሷ ነው” አለች እናትየው ከኋላ። “አንቺም የራስሽን ምላስ ብትሰበስቢው ጥሩ ነበር፤ እሱም ሰፍቶብሻል።”

ማዕድ ላይ ባልየው ከሚስቱ ጎን ተቀመጠ፤ እናትየው ከፊት ለፊት። ሚጡ ጎረሰች። አኘከች፣ አኘከች። እንባዋ መጣ። የእናትየው እጅ ወደ ሳህኑ ተንቀሳቀሰ፤ ባልየው አየው። እናትየው እጇን መልሳ ከጭኗ ሥር አስገባችና ተቀመጠችበት። ሙዚቃው ተቀየረ፣ ሰው ለጭፈራ ተነሳ፤ ሦስቱ ግን ሳህኑ ባዶ እስኪሆን አልተነሱም።

“ጠላኋችሁ” አለች ሚጡ አፏን እየጠረገች።

“ጥዪን” አለች እናቷ። “በልተሽ ጥዪን።”

በቀጠሮው ቀን እናትየው አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ በዚህኛው ጊዜ እግሯን በሩ መሃል አላስገባችም። ልቧ ግን የለመደውን አላቆመም፤ አልጋውን፣ ክፍሉን፣ ደረጃውን እያሳየ ያስፈራራታል። በሩ ተከፍቶ ሚጡ ወጣች፤ ቀሚሱ አሁንም ይወዛወዛል። ባሏ ከኋላዋ ቆሟል።

“ጨመርሽ?” አለች እናትየው ብድግ ብላ።

“አልጨመርኩም።”

እናትየው ግድግዳውን ያዘች።

“አልቀነስኩምም” አለች ሚጡ። አገጯ ቀና አለ። “በሁለት ዓመት ውስጥ ሳልቀንስ ስወጣ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ደግሞ ዛሬ ምሳ አለብኝ፤ እንሂድ።”

እናትየው ወደ ላይ፣ አልጋዎቹ ወዳሉበት ፎቅ አየች።

“ንገሯቸው” አለች ጮክ ብላ፣ ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ። “አንሶላቸው እንደታጠፈ ይቀመጥ!”