የኋላው አቧራ ጥቁር ነው

«ሠላሳ! በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር! እንዲያማ ከሆነ ታክሲዬን ሸጬ ተሳፋሪውን በጀርባዬ ላመላልሰው» አለ ባለታክሲው፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ።

ለቅሶ ቤት ነው፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሟቹ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መንጃ ፈቃድ ሲፈትን የኖረ ሰው ስለሆነ አብዛኛው ለቀስተኛ ሹፌር ነው። ሹፌር ደግሞ ሦስት ሆኖ ከተቀመጠ የትራንስፖርት ቢሮን ሳያማ አይነሳም፤ ሐዘን ቢሆን ሠርግ ቢሆን።

«ሠላሳው ምን አደረገህ?» አለው የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ ግራ እግሩን እንደ ልማዱ ወደፊት ዘርግቶ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። አንተ ደግሞ ጎማ አለህ።»

«ሕጉን ጠልቼ አይደለም እኮ ጋሼ! ከላይ መመሪያ ያወርዱልናል፤ ጉድጓዱን ግን አይደፍኑልንም። የጥፋት ነጥብ ይቆጥሩብናል፤ የእግረኛ መሻገሪያው ቀለም ከጠፋ ግን ሁለት ዓመቱ። አሁን ደግሞ የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን አሥር ደቂቃ ሊያደርጉት ነው አሉ። በአሥር ደቂቃ ድንች እንኳ አይበስልም!»

«ወንድሜ ስድስት ደብዳቤ ጽፎላቸዋል» አለ ሰውየው። «ማንኛውም ሹፌር ከመነሳቱ በፊት መኪናውን ይዙር፤ ይህ ነገር መመሪያው ውስጥ ይግባ ብሎ። ምን ብለው መለሱለት? ጉዳዩ እየታየ ነው።»

«እስካሁን ሲያዩት ዓይናቸው አልደከመም?»

ፈገግታ በወንበሮቹ መካከል ዞረ። ከዚያ ባለታክሲው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔንማ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሦስት ጊዜ አስደግመውኛል። ፎርሙ ላይ 'ወደቀ' የሚለውን ይሰርዙና 'ይድገም' ብለው ይጽፉ ነበር። ጋሼ ይድገም የሚለውን ስም ያወጣሁላቸውም እኔው ነኝ፤ በንዴት። መኪናውን በመዳፍህ እየዳበስክ ዙር ይሉሃል። ገብተህ ስትቀመጥ 'እጅህን አሳየኝ' ይላሉ። መዳፍህ ንጹሕ ከሆነ በቃ፣ ደህና ሰንብት። እኚህ ሰው ጤና የላቸውም ብዬ ነበር። በኋላ አንድ ጠዋት፣ ለልማድ ያህል ስዞር፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላት፣ ከኋላ ጎማዬ ሥር ቁጭ ብላ አፈር ትበላለች።» ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገባች። ባየችኝ ቁጥር ምላሷን ታወጣብኛለች።»

ሟቹ ከግድግዳው ላይ፣ ከፎቶግራፉ ውስጥ፣ እንደ ልማዱ ኮስተር ብሎ ያያቸዋል።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ» አለች ባለቤቱ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ «ለሰው ልጅ እንዲያ የሚጨነቅ ሰው በገዛ ልጁ ላይ ግን ጨከነ።»

ሻይ ታዞር የነበረችው ብቸኛ ልጁ ፔርሙሱን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ይህን ወቀሳ ሰባት ወር ሙሉ ሰምታዋለች። የምትሠራው በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው። የአምቡላንስ ሹፌር ቦታ ሲከፈት እንቅልፍ አጣች፤ ሌሎች ካርድ ሲጽፉ እሷ በመስኮት አምቡላንሷን ታይ ነበር። ያኔ በመፈተኛው ሜዳ ላይ የሚፈትነው አባቷ ብቻ ነበር። እሷንም ፈተናት፤ ፎርሙ ላይም «ትድገም» ብሎ ጻፈ። ቦታው ለሌላ ሰው ሄደ። እናቷ «ልጄ ምን ብታደርግህ ነው?» ብላ ጮኸችበት፤ ሦስት ቀን አላነጋገረችውም። ዘመድ ተሰብስቦ ወቀሰው። እሱ ግን «ትድገም» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ለምን እንዳስደገማት ከሁለት ሰው በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ አሁን ደግሞ ከሁለቱ አንዷ ብቻ ቀርታለች።

የተቀጠረው ሹፌር በቅርቡ ለቆ ቦታው እንደገና ተከፍቷል። መንጃ ፈቃዷን እስከ ሰኞ ድረስ ካመጣች የእሷ ነው። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ አባቷ ከተቀበረ ሁለት ቀኑ።

ይህን ጊዜ ምክትል ፈታኙ ገባ። ሥራውን ከአባቷ እግር ሥር የተማረ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ወጣት ነው። እናትየዋን አቅፎ አለቀሰ፤ የምሩን ነው ያለቀሰው። ከዚያ ከደረት ኪሱ ፖስታ አውጥቶ ለልጅቱ ዘረጋላት።

«እህቴ፣ ያጽናሽ። ቢሮው ሁሉ ተመካክሮ ነው። መንጃ ፈቃድሽ ነው፤ አልቋል። ለእሳቸው ክብር ሌላ ምን እናድርግ?»

«ተመስገን!» አለች እናትየዋ። «ይኸው እንግዲህ፣ ሰው ያለው ሰው።»

ልጅቱ ፖስታውን ተቀበለች። እጇ ላይ ቀለለባት። ደስ አላት፤ መዋሸት አያስፈልግም፣ ልቧ ዘለለ። አምቡላንሷ እዚያ፣ ወረቀቱ ውስጥ ነበረች።

«እኔም ለአባትሽ እንዲህ ያለ ስጦታ ሰጥቼው አውቃለሁ» አለ አጎቷ ድንገት።

ሰው ሁሉ ወደሱ ዞረ።

«ሃያ ዓመቱ ነበር። ለፈታኙ አንድ ጠርሙስ መጠጥ ይዤ ሄድኩና፣ ሳይፈተን መንጃ ፈቃዱን አውጥቼ ሰጠሁት። እንዴት እንደሳመኝ! በሳምንቱ የጎረቤት መኪና ተውሶ ወደኋላ ሲያወጣ፣ እኔ ከኋላው ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አስር ነበር።» የተዘረጋውን እግሩን መታ መታ አደረገው። «ለእናንተ ከመሰላል ወደቅሁ ብዬ ነው የነገርኳችሁ። ሆስፒታል ሳለሁ ያንን ወረቀት ወስዶ መለሰላቸውና፣ ዓመት ቆይቶ እንደ ማንም ተሰልፎ ተፈተነ። አንድም ቀን 'አንተ ነህ ያመጣኸው' ብሎኝ አያውቅም። ጥፋቱን ሁሉ ለብቻው ተሸከመው። ወንድሜ ስለሆነ አይደለም፤ እንደሱ ያለ ሰው አላየሁም።»

ልጅቱ ፔርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የእኔንም ተሸክሞልኛል» አለች።

«ምን አልሽ ልጄ?»

«እማዬ፣ አባባ አልጨከነብኝም። አታልዬው ነው። የፈተናው ቀን ነጭ ጃኬት ለብሼ ነበር፤ ከዚያ ቀጥታ ለቃለ መጠይቅ ስለምሄድ። መኪናውን ዞርኩ ግን ራቅ ብዬ፣ ሳልነካ፣ ልብሴ እንዳይቆሽሽ። ከኋላ ምን እንዳለ እንኳ አላየሁም። ከመግባቴ በፊት መዳፌን በሩ ላይ አሸት አድርጌ ዓይኔን በጨው ታጥቤ አሳየሁት።»

«ታዲያ እንዴት አወቀ?» አለ ባለታክሲው፣ ሳያስበው።

«ብዙ አየው መዳፌን። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ 'የኋላው አቧራ ጥቁር ነው፣ ጭስ አለበት፤ ያንቺ ቀይ ነው' አለኝ። በቃ። እናንተ ስትወቅሱት እየሰማሁ ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። ሰባት ወር ሙሉ... ዛሬ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል...» አለቀሰች፤ ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ አላለቀሰችም።

እናትየዋ በመስኮቱ ወደ ግቢው አየች። የባሏ አሮጌ መኪና እንደቆመች ናት፤ ከአቧራው የተነሳ ቀለሟ አይለይም።

«ለካ ለዚህ ነው» አለች ቀስ ብላ። «በየቅዳሜው ሳሙና ይዞ የሚያሻት ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ማጠቡን እርግፍ አድርጎ ተወ። የተቀየመ መስሎኝ ስንቱን ተናገርኩት! ጎረቤት ሲስቅበት 'ተዉ፣ ልጄ ልትለማመድባት ትችላለች' ይል ነበር። እኔ እኮ እንደ ቀልድ ነው የሰማሁት።»

ልጅቱ ፖስታውን ለምክትሉ መለሰችለት።

«ሰኞ ጠዋት ፈተና አለ አይደል? መዝግበኝ። በአባባ መኪና።»

«እህቴ፣ ሰኞ እኮ የክሊኒኩም የመጨረሻ ቀን ነው። ብትወድቂስ?»

«እደግማለሁ።»

ምክትሉ እናትየዋን አየ፤ እንድትከለክላት። እናትየዋ ግን «መዝግባት» አለችው። ወጣቱ ፖስታውን ወደ ኪሱ ሲመልስ ፊቱ ቀልቶ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሜዳው ላይ ሰባት ተፈታኞች ነበሩ። አጎቷና ባለታክሲው አጥሩ ሥር ቆመዋል፤ ባለታክሲው የጠዋት ሥራውን ትቶ ነው የመጣው። ምክትሉ ሰሌዳውን ይዞ በቀኝ በኩል ገብቶ ተቀመጠ። የአባቷ ወንበር ነበር፤ ሲቀመጥበት ጠርዙ ላይ ብቻ አረፈ።

እሷ ጥቁር ልብሷን ለብሳለች። ከሹፌሩ በር ጀምራ ቀኝ መዳፏን መኪናው ላይ ጫነችና መሄድ ጀመረች። የፊት መብራቱን ዳበሰች፤ ኮፈኑን፣ የቀኙን በሮች፣ ተጭሮ የቀረውን ቀለም። አትቸኩልም። ከኋላ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ከሥር አየች፤ ከጎማዎቹ መካከል ደረቅ ቅጠልና ጥላ ብቻ ነበር። ከጭስ ማውጫው በላይ ያለውን ቦታ ከዳር እስከ ዳር በመዳፏ አበሰችው። ከዚያ በግራ በኩል ዞራ ገባች፤ ቀበቶዋን አሰረች፤ መስታወቱን አስተካከለች።

«ጀምሪ» አለ ምክትሉ።

አልጀመረችም። ማንም ሳይጠይቃት፣ ቀኝ እጇን ወደ አባቷ ወንበር ዘረጋችና መዳፏን ከፈተች። ጥቁር ነበር።