ከውጭ ይከፈታል

መኪናዋን የሸጠልኝ ጥርስ ሐኪሜ ነው። ከጥርስ ሐኪም ጋር መዋዋል ሞኝነት መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ እሱ ይናገራል፣ አንቺ አፍሽን ከፍተሽ ትሰሚያለሽ። "ወገቤ አልታጠፍ ባይለኝ ኖሮ ነፍሴን እሸጥ ነበር እንጂ እሷን አልሸጥም" አለኝ፣ ግማሽ ፊቴ ደንዝዞ። "አሮጌ ብትሆንም የስፖርት መኪና ናት። የሚቀራት ጥቃቅን ነገር ብቻ ነው።" ምን ምን ብዬ ልጠይቅ ስል መሰርሰሪያውን አስነሳ።

ጥቃቅኖቹን አንድ በአንድ ያገኘኋቸው መንገድ ላይ ነው። የግራ ፍሬቻ ሲበራ የዝናብ መጥረጊያው ይነሳል። ክላክሱ የሚጮኸው መሪው ሲታጠፍ ብቻ ስለሆነ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ማንንም መገሰጽ አይቻልም። ከኮፈኑ ውስጥ ብቅ ከሚሉት የፊት መብራቶች ቀኙ ሲነሳ ግራው ተኝቶ ይቀራል፤ አመሻሽ ላይ ስነዳት መንገደኛውን ሁሉ ስትጠቅስ ነው የምታመሸው። እኔ እንዲህ ያለች ሴት አይደለሁም፤ መኪናዬ ግን ሆነች። የተሳፋሪው በር ደግሞ ከውስጥ አይከፈትም። ይህችን የመጨረሻዋን እንደ ችግር አልቆጠርኳትም ነበር፣ እናቴ እስክትገባባት ድረስ።

የምሠራው ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ሽንትና ደም ላይ አቀርቅሬ እውልና ሲመሽ አውቶቡስ ውስጥ የሰው ብብት ሥር ቆሜ እመለስ ነበር። ከሰው ጋር ያለኝ ግንኙነት ከዚህ ትንሽ ከፍ ይበል ብዬ ነው መኪና የገዛሁት። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት መሆኗም አልከፋኝም፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለድካሜ።

እናቴ ቀኝ ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። ግራውም ዳር ዳር ማለት ጀምሯል። የቀዶ ጥገና ቀጠሮ በተያዘላት ቁጥር ትቀራለች፤ አንዴ ብርድ ነው፣ አንዴ ሙቀት ነው፣ አንዴ ደግሞ "እስከዛሬ ያየሁት ይበቃኛል።" በመጨረሻ ሐኪሙ ሞራው እየጠነከረ መሄዱን፣ በዚህኛው ቀጠሮ ካልመጣች በዓይኑ ተስፋ እንድንቆርጥ ነገረኝ። ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ሆስፒታሉ ከተማውን አቋርጦ ነው። ወንድሜ ቤት የሚያህል መኪና አለው፤ በእሱ መኪና አትሄድም። ታክሲ አትሳፈርም። ምክንያቷን ስትጠየቅ "እግር አለኝ" ትላለች፣ እግሯ እስከ ማዞሪያው እንኳ እንደማያደርሳት እያወቀች።

መኪና መግዛቴን ስትሰማ ግን "በአንቺማ እሄዳለሁ" አለች። ቤቷ ከሕንፃችን አጥር ጀርባ ነው፤ እሑድ ዕለት ልትሞክራት መጣች። መኪናዋን ዞር ዞር ብላ በተሻለው ዓይኗ መረመረቻትና የተኛውን መብራት አይታ ሳቀች።

"እኔን የምትመስል ፈልገሽ ገዛሽ?"

"ሁለታችሁንም አሠራለሁ እማዬ። ግቢ።"

"ይሄ ወንበር ነው ጉድጓድ?" እያለች ወረደችበት። በሩን ዘጋሁላትና በሾፌሩ በኩል ልገባ ዞርኩ። ገና ሳልደርስ መስታወቱ ሲንኳኳ ሰማሁ።

"ክፈችልኝ።"

"መጣሁ እኮ፣ ልንሄድ ነው።"

"ክፈችልኝ አልኩሽ!"

ስከፍተው ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። እንዴት እንደወጣች አላውቅም፤ ያ ጉድጓድ ለእኔ ጉልበት እንኳ አስቸጋሪ ነው።

"ከውስጥ አይከፈትም" አለች።

"ከውጭ ይከፈታል እኮ። እኔ ዞሬ እከፍትልሻለሁ፤ እንደ ሚኒስትር ትወርጃለሽ።"

"ሚኒስትሯ አንቺ ሁኚ። እኔ አልሄድም።"

"ለአንድ እጀታ ብለሽ ዓይንሽ ይጥፋ?"

"አሠሪው፣ እሄዳለሁ።" ነጠላዋን አስተካክላ በእግሯ ወጣች።

ሰኞ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ መኪናዋን ጋራዥ ወሰድኳት። ሜካኒኩ እጁን እየጠረገ መጣ።

"በሩ ምን ሆነ?"

"ከውስጥ አይከፈትም።"

"ከውጭስ?"

"ይከፈታል።"

"ታዲያ ይከፈታል በይኛ!" አለና ኮፈኑን አነሳ። ወዲያው በግቢው ያለ ወንድ ሁሉ ሥራውን ጥሎ መጣ። ተጠጋግተው ሞተሯን ቁልቁል ያዩበት ዓይን፣ አራስ ጥየቃ ሄደው ለሕፃኑ የማያሳዩት ዓይነት ነው። አንዱ ነካ ያደርጋታል፣ አንዱ ያሸታታል፣ አንዱ ዝም ብሎ ይተነፍሳል። ማክሰኞ ልወስዳት ስሄድ ሜካኒኩ አስነስቶ አሰማኝ። ስታገሳ የጋራዡ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ።

"ድምፅዋን መለስኩልሽ" አለ፣ እንባ ሊተናነቀው ምንም አልቀረው።

"በሩስ?"

"የቱ በር?"

ወደ ቤት ስገባ የሕንፃችን ሰው ሁሉ በመስኮት ወጣ። ከሁሉ ቀድሞ የወረደው ከእኔ በላይ ያለው ኢንጅነሩ ነው። ኢንጅነርነቱ በውሃ ቱቦ ነው፤ የሕንፃችን ውሃ ከእሱ ፎቅ አልፎ ወጥቶ ባያውቅም ማዕረጉን አልነጠቅነውም። የተኛውን መብራት ሲያይ እጅጌውን ሰበሰበ።

"እህቴ፣ ይሄንን ለእኔ ተይው።"

"በሩን ብታይልኝ ነው የምመርጠው። እናቴን ሐሙስ ዓይን ሐኪም ዘንድ የማደርስበት ነው።"

"በሩ ቀላል ነው። ቀላል ሥራ ለመጨረሻ ነው የሚተወው።"

እንዲህ ሲሉ ነው ቀላሎቹ ነገሮች ዕድሜያቸውን የሚጨርሱት። ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ኢንጅነሩ ከመኪናዋ አፍንጫ ውስጥ ግማሽ አካሉን ከቶ አገኘሁት። ወጣ፣ ቁልፉን ተጫነ። ሁለቱም መብራቶች እኩል ብድግ አሉ። ከየመስኮቱ ጭብጨባ ተሰማ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሰው ነኝ።

"በሩስ?"

"ነገ።"

"ነገ ሐሙስ ነው።"

"እንግዲያው ለነገ ብቻ ከውጭ ክፈችላት። ምን ችግር አለው? ከውጭ ይከፈት የለ እንዴ?"

ስልኬን አወጣሁ። ወንድሜ ጋ ደወልኩ። "በግድ አስገቢያት" አለኝ። "ሕፃን ናት እንዴ? ደግሞ ሁለት ወንበር ያለው መኪና ማን ግዢ አለሽ?" የመጀመሪያው ጥያቄ ይሻል ነበር፤ ሁለተኛውን ስሰማ ዘጋሁት።

ቀና ስል እናቴ በግቢው በር እየገባች ነው፣ የነገዋን ትንሽ ሻንጣ በጉያዋ ይዛ። "ተሠራ?" አላለችም። ከደረጃው ሥር በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ወደ መኪናዋ በር፣ ከዚያም ወደ እኔ አየች። እንዲህ ከመታየት ከኢንጅነሩ የመሣሪያ ሣጥን ካቻቢቴ ማንሳት ይቀላል።

ብሎኖቹን እየፈታሁ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት፤ ተቆጣጠረቻቸው። የበሩን የውስጥ መሸፈኛ ስገነጥለው ከኋላው የጥርስ ሐኪሙ ዘመን ሁሉ ወጣ፤ ሳንቲም፣ የከረሜላ ወረቀት፣ ያለፈበት የመኪና ማቆሚያ ቲኬት። ከመሐላቸው አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ ተንጠልጥሏል። አንድ ጫፉ የበሩን መቆለፊያ ይዟል፤ ሌላው ጫፉ እጀታው ላይ ካለው ቀዳዳ ወጥቶ ወድቋል፣ እንዳይወጣ የሚይዘው ፕላስቲክ ስለተሰበረ። ይኸው ነው። እጀታውን የሚስበው ሰው አየር ነው የሚስበው።

ዘንጉን ወደ ቀዳዳው መለስኩትና ይዞ እንደሆነ ለማየት ውስጥ ገብቼ በሩን ሳብኩት። ግጥም ብሎ ተዘጋ። እጀታውን ሳብኩ፤ ዘንጉ ሾልኮ ከበሩ ሆድ ውስጥ ወደቀ፤ በጣቴ ብፈልገው አልያዝ አለኝ። መስታወቱን ላውርድ አልኩ፤ ማውረጃውን ራሴው ፈትቼዋለሁ። በሾፌሩ በኩል እንዳልወጣ ወንበሩ ላይ የኢንጅነሩ የመሣሪያ ሣጥን ተጎልቷል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለች መኪና ናት፤ ውስጧ ምድጃ ነው።

"እማዬ፣ ክፈችልኝ።"

እናቴ ተነስታ መጣች። እጇን የውጪው እጀታ ላይ አደረገች። አልከፈተችም። በመስታወቱ አሻግራ አየችኝ።

"እንዴት ነው?" አለች።

"ምኑ?"

"ውስጡ።"

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ አልኩ። ፊቷን ሳየው ተውኩት። እጀታው እጄ ውስጥ ነው፤ ስስበው ይመጣል፣ ምንም አያደርግም። የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው፤ ደስ ሲለው።

"ይጨንቃል" አልኳት።

ያኔ ከፈተችው። ወጥቼ መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ፤ እሷም በርጩማዋን አስጠግታ ተቀመጠች። ብሎኖቹ አሁንም መዳፏ ውስጥ ናቸው።

"አባትሽ ሥራ ሲሄድ ቁልፉን ይዞት ነበር የሚሄደው" አለች።

"የምኑን ቁልፍ?"

"የቤቱን።"

"አንቺስ?"

"እኔማ ውስጥ።"

አባቴ ሲቀበር "ቤቱን ጠባቂ" ተብሎ ተነግሮለታል። እኔም አልቅሼ ነበር፤ አሁንም ሳስበው አልቅሼ አይበቃኝም፣ ግን ልቅሶው ሌላ ዓይነት ሆነ።

"ለእናቴ ስነግራት፣ ለጎረቤት ስነግር፣ መልሳቸው አንድ ነው" አለች። "ሲመጣ ይከፍትልሽ የለ? ምን ጎደለሽ? ወንድምሽ የተወለደ ቀን አዋላጇ የገባችው በመስኮት ነው። ደግሞ ወፍራም ነበረች፤ ከእኔ ምጥ የእሷ ባሰ።"

ሳቅን። መሳቅ ተገቢ ይሁን አይሁን እንጃ፤ እሷ ናት የጀመረችው።

"ወንድሜ ያውቃል?"

"ምኑን ያውቃል? እሱ ሲወጣ ማንንም አላስፈቀደም።"

ወንድሜ ከልጆቹ ጋር ከኋላ ነው የሚያስቀምጣት፤ የኋላው በር ደግሞ ልጆቹ እንዳይከፍቱት ከውስጥ የተቆለፈ ነው። የሰፈራችን ታክሲዎች በር ሾፌሩ እጁን ዘርግቶ ካልከፈተው አይከፈትም። ይህን ሁሉ እያየሁ ኖሬ "ግትር" እላት ነበር።

"አባዬ መቼ ተወው?"

"ቁልፉ ጠፋበት።"

"እንዴት ጠፋበት?"

"ሽንት ቤት ውስጥ ነው የጠፋበት።" ብሎኖቹን ከአንዱ መዳፏ ወደ ሌላው ገለበጠች። "አዲስ አሠራ። ያም ጠፋበት። ሲጠፋበት ሲጠፋበት ሰለቸው።"

ከመሬቱ ተነሳሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ከላቦራቶሪ ማሽናችን የተቀየረ ቀጭን የጎማ ቱቦ ነበረኝ፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፣ ደክሞኝ የማልጥለው ነገር ብዙ ነው። ጫፉን ቆርጬ ዘንጉ ከቀዳዳው በወጣበት በኩል አጠለቅኩበት። ጥብቅ ብሎ ያዘ። መሸፈኛውን መለስኩ፣ ብሎኖቹን አንድ አንድ እያለች አቀበለችኝ፤ አንዱ ተረፈ፣ የት እንደሚገባ እስካሁን አላወቅኩም።

"ግቢና ሞክሪው" አልኳት።

ገባች። በሩን ራሷ ሳበችው። እጀታውን ዳሰሰችው። ከዚያ ቀጭ አለ፤ በሩ ተከፈተ። ዘጋችው፣ ከፈተችው። ኢንጅነሩ ከፎቅ ብቅ ብሎ "ማነው በር የሚደበድበው?" አለ። "ባለቤቷ ናት" አልኩት።

ሐሙስ ጠዋት ተነሳን። የኢንጅነሩ መብራት ተነስቶ መተኛት እምቢ ስላለ መኪናዋ በጠራራ ፀሐይ ሁለት ዓይኗን አፍጥጣ ነው የሄደችው። የመጀመሪያው ቀይ መብራት ላይ ስንቆም እናቴ በሩን ከፈተች። አየር እንደሚያይ ሰው ወደ ውጭ አየችና ዘጋችው። ሁለተኛው ላይም እንዲሁ። ከኋላችን ያለው ሾፌር ክላክሱን አስጮኸብን፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ስለነበር አልመለስኩለትም። አንዱ መስቀለኛ ላይ ትራፊኩ መጣ።

"እናቴ፣ በሩ አልዘጋ ብሎዎት ነው?"

"ይዘጋል" አለችና ዘጋችለት። "ይከፈታልም" አለችና ከፈተችለት። እኔን አየኝ፤ ትከሻዬን ሰቀልኩለት። እለፉ አለን።

ሆስፒታሉ ስንደርስ በልማድ ዞሬ ልከፍትላት ሮጥኩ። በመስታወቱ ጣቷን ቀሰረችብኝ። ቆምኩ። ጊዜዋን ወስዳ ነጠላዋን ሰበሰበች፣ ሻንጣዋን ያዘች፣ ከዚያ ከፈተችው፤ ጠርዙ ጉልበቴን መታኝ።

የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ነርሷ ክንዷን ያዘቻት። እናቴ ግን አልገባም ብላ በሩን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ይሄ ከውስጥ ይከፈታል?"

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ ወደ እናቴ አመለከትኩ።

"የሚገፋ ነው እናቴ፤ ቁልፍም የለውም" አለች ነርሷ። "በሁለቱም በኩል።"

እናቴ ገፍታው ገባች። በሩ ተወዛውዞ ተመለሰ። ወዲያው ከውስጥ ተገፋና ብቅ ብላ አየችኝ፤ ሻንጣዋን ሰጠችኝና ተመልሳ ገባች። ሁለተኛ አልወጣችም። እኔ አግዳሚው ላይ ጉልበቴን እያሸሁ ቁጭ እንዳልኩ፣ ሻንጣዋን አቅፌ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ።