ሁለት ገጽ እና አንድ መሀረብ

አጎቴ የኖታ ገጽ የሚገልጡት አውራ ጣታቸውን ልሰው ነው። ያንኑ ጣት ደግሞ መልሰው ፒያኖው ላይ ያሳርፉታል፤ እኔም እዚያው ቁልፍ ላይ እንድጫወት ይጠበቅብኛል። አሥራ አንድ ዓመት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ውለታቸውን አልክድም፤ ምራቃቸውን ግን እጸየፋለሁ።

ጮክ ያለውን ክፍል መጫወት አያቅተኝም፤ መትቶ መሸሽ ነውና። የሚያቅተኝ ለስላሳው ነው። ቁልፉን በጣቴ ጫፍ ነካ አድርጌ እንደ ጋለ ድስት ወዲያው እለቀዋለሁ፤ ድምፁ ወይ ይጠፋል ወይ ይቆራረጣል። ያን ጊዜ አጎቴ ላብ ባራሰው መዳፋቸው እጄን ወደ ታች ይጫኑና፣ "ቀንሺ አልኩሽ እንጂ ሽሺ አላልኩሽም። ቀስ ብለሽ እስከ ታች ውረጂ፣ እዚያው ቆዪ" ይሉኛል። ከትምህርቱ በኋላ ሦስት ጊዜ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ።

ልገባበት የምመኘው ሙዚቃ ትምህርት ቤት የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ለከርሞ ደግሞ ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም። የምፈተንባት ሥራ ሁለት ገጽ ብቻ ናት፤ መጨረሻዋ ላይ ድምፁ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል። በፈተናው ቀን ከእኔ በፊት የገባው ተፈታኝ ኮሪደር ላይ የድንች ጥብስ ሲበላ አይቼዋለሁ። ፒያኖው ፊት ስቀመጥ ቁልፎቹ በዘይት ያብረቀርቃሉ፤ አንዱ ላይማ ፍርፋሪ ተለጥፏል።

መሀረቤን ከቦርሳዬ በማይለየው የእጅ ማጽጃ አልኮል አራስኩት። ገጽ ሊገልጡልኝ አጠገቤ የቆሙት አጎቴ፣ ከረጠበ ያንሸራትታልና ተይው ብለው አንሾካሾኩ። እሳቸው ስለ እርጥበት ሊመክሩኝ። ቁልፎቹን ከዳር እስከ ዳር ወለወልኳቸው።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ነው ነገሩ። ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ጣቴ ተንሸራቶ የጎረቤቱን ቁልፍ መታ። አጎቴ አውራ ጣታቸውን ልሰው ገጹን ገለጡ። መጨረሻው ጋ ስደርስ ዳግም እንዳልንሸራተት ፈርቼ የጣቶቼን ሆድ ሙሉ በሙሉ አሳረፍኩ፤ ቀስ ብዬ እስከ ታች ወረድኩ። አሥራ አንድ ዓመት እምቢ ያለኝ ድምፅ ወጣ፤ ስስ ነው፣ ግን አልተቆራረጠም።

የፈታኞቹ ኃላፊ ቀና ብላ አየችኝ። በአጋጣሚ የወጣ መስሏት መሰለኝ፣ "የመጨረሻውን መስመር ብቻ ድገሚልን" አለች።

ቁልፎቹን አየሁ። አልኮሉ ደርቋል። አሁን ያለው የራሴ ላብ ነው፤ የጣቶቼ ቅርጽ አንድ በአንድ ታትሞበታል፣ ያስጠላል። ወደ መሀረቡ እጄን ሰደድኩ። አጎቴ ቀደሙኝና አንስተው፣ በቅጡ፣ ድምፅ እያሰሙ ተናፈጡበት።

ሌላ ምን ምርጫ አለኝ። እያቅለሸለሸኝ ጣቶቼን እዚያው ላቤ ላይ አሳረፍኩ፣ እስከ ታች ወረድኩ፣ ቆየሁ።

"ሰኞ ጠዋት ለምዝገባ ነይ" አለች ኃላፊዋ።

በሩ ላይ አጎቴ እጄን ያዙኝ። መዳፋቸው እንደ ልማዱ ርሷል፤ የእኔም ከዚያ አይሻልም። መታጠቢያ ቤቱን አልፈን እስክንወጣ ድረስ አልለቀቁኝም፤ እኔም እየዘገነነኝ አልሸሸሁም።