የቀዝቃዛው ቦይ ዝምታ

የጎረቤቴ የራቢያ ልጅ ሱሀይላ ውጭ አገር ኬሚስትሪ ትማራለች። ለዒድ ደሴ ስትመጣ ሥራዋንም በላፕቶፕ ይዛው መጣች። «ሙከራው እዚያ እየሄደ ነው፤ እኔ ከዚህ እጠብቀዋለሁ» ትላለች። እንቁላል የታቀፈች ዶሮ እንኳ አንዳንዴ ትነሣለች።

ምን እንደምትሠራ ብጠይቃት፣ ጨረር ያላቸውን ከባድ ንጥረ ነገሮች በጋዝ እንለያለን አለችኝ።

«በጋዝ? በሲሊንደሩ?»

«ይቀልዳሉ እትዬ ወለላ!»

ስቃ አስረዳችኝ። አቶሙ በማሽን የሚሠራው አንድ በአንድ ነው፤ ዕድሜውም ከትንፋሽ አይበልጥም። ጋዝ እየነዳ፣ ውስጡ በወርቅ ወደተለበጠ ጠባብ ቦይ ያስገባዋል። ቦዩ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ይቀዘቅዛል። አንዱ ዓይነት ገና ከሙቁ በኩል ወርቁ ላይ ይለጠፋል፣ ሌላው እስከ ብርዱ ጫፍ ይዘልቃል። የተለጠፈበት ቦታ ማንነቱን ይናገራል።

ገባኝ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ የሚወጣ ሚኒባስ ማለት ነው፤ ብርድ የሚፈራው ሐረጎ ዳገት ሳይደርስ ይወርዳል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ላቆመች ሴት አያንስም።

የሱሀይላ ወንድም ሀፊዝ ለስደት በጭነት መኪና ወደ ባሕሩ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ዘመዱ ሁሉ ሞቷል ብሎ ቆርጧል፤ ራቢያ ግን ሬሳ ሳላይ አላለቅስም ብላ ለቅሶ ሳትቀመጥ ቀረች። ያን ዓርብ ሱሀይላና አጎቷ አብዱልባሲጥ ለምነው ለምነው አሳምነዋት፣ ከዐሱር ስግደት በኋላ ሬሳው ለሌለ ሰው የሚሰገደው ሶላት ሊሰገድለት ነበር። እኔም ጴንጤዋ ጎረቤት ከጎኗ ልቀመጥ ጥቁር ለብሼ መጣሁ።

ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮቱን ሸፍኖታል። ድንገት ላፕቶፑ ጠቅ አለ።

ሱሀይላ ብድግ አለች። «አንድ መጣ!»

ራቢያ ቀና አለች። «የታል?»

«የለም እማ። ሞተ። ጠቅ የሚለው ሲሞት ነው።»

«ሬሳውስ?»

«ሬሳ የለውም።»

«ታዲያ መኖሩን በምን አወቃችሁ?»

«በመሞቱ» አለች ሱሀይላ ቀስ ብላ። እናቷን ልታጽናና እንደፈለገች ከዓይኗ አየሁ።

ራቢያ የላፕቶፑን ማያ ትኩር ብላ አየችው። «ሳይሞት ከቦዩ ቢወጣስ?»

«ሳይሞት ከወጣማ ምንም አንሰማም። ዝም ነው።»

«ዝም» አለች ራቢያ። ፈገግም አለች። ፈገግታዋን ካየሁት ስንት ዘመኑ! ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ።

አብዱልባሲጥ ገባ። «አሰላሙ አለይኩም። ራቢያ፣ ሰዉ መስጊድ ተሰብስቧል፤ ኢማሙም እየጠበቁ ነው።»

«በትናቸው።»

«ምን?»

«ሀፊዜ ዝም ነው ያለው። ዝም ያለ አልሞተም። ልጄ ናት የነገረችኝ፣ የተማረችው።»

«እማ፣ ወላሂ እንደሱ አላልኩም!» ሱሀይላ ተንበረከከች። «ቦዩ ጋ ሳይደርስም መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል እኮ። እዚያ ሲሞት የምንሰማበት የለንም።»

«የት መንገድ?»

ሱሀይላ የእናቷን ጉልበት አቀፈች። አብዱልባሲጥ ጫማውን እንደያዘ ደፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ጉሙ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ወደ ውስጥ የሚያየን መሰለኝ።

ያን ጊዜ ራቢያ ሁለት መዳፎቿን አንሥታ ጆሮዎቿን ግጥም አድርጋ ደፈነች።

ላፕቶፑ ጠቅ አለ። ሦስታችን ሰማን።