ያልተዘጋው ማይክ

ወንድሟ ካኮረፋት ሳምንቱ ነው። ቤት ውስጥ ሲተላለፉ ግድግዳ ያየ ነው የሚመስለው። እሷም ምን አጠፋሁ ብላ የምትለማመጥ አይነት አይደለችም፤ እልኸኛ ናት፣ በእልኽስ ወንድምና እህት መሆናቸው ያስታውቃል።

የሙዚቃ ባንዱ የሱ ነው፣ እሱን ከጠየቃችሁት። ጊታር እየመታ ይዘፍናል፣ መጮህ ዘፈን ከተባለ። «ድስቴ» የሚሉት ጓደኛው ድራም ይመታል፣ እሷ ቤዝ ጊታር ትጫወታለች። ፖስት ፓንክ የሚባል የሮክ ዓይነት ነው የሚጫወቱት፤ አባታቸው ግን «ጥርሱን ያመመው ወፍጮ» ነው የሚሉት።

ያን ቀን ጋሼ ሽቦ ጋ፣ ድምፅ ማጉያ የሚያከራዩት ሰውዬ ክፍል፣ የኮንሰርታቸውን ቅጂ ሊሰሙ ተሰበሰቡ። የሚሻለውን ዘፈን መርጠው ለተጫወቱበት አዳራሽ ባለቤት ይልካሉ፤ ከወደደው በየወሩ መድረክ ይሰጣቸዋል። እሷ ሌላ የምትፈልገው ነገር የለም። ትምህርት ጨርሳ ቤት ከዋለች ወዲህ ከአልጋ የሚያስነሳት ይሄ ቤዝ ብቻ ነው።

ቅጂው ላይ የመጀመሪያው ዘፈን አለቀ። ሰው ከሩቅ ያፏጫል፣ ከስር ግን ቤዙ አልቆመም። ልማዷ ነው፤ እነሱ ውሃ ሲጠጡ፣ ክር ሲያጠብቁ፣ እሷ አንዷን ኖታ እየደጋገመች መድረኩን ታቆይላቸዋለች። ቀጣዩ ዘፈን ከዛው ውስጥ ነው የሚነሳው።

ቤዙ ላይ የወንድሟ ድምፅ መጣ፣ ጆሮዋ ስር የሚያወራ ይመስል።

«ዛሬን ትጫወት። ሌላ ሰው አግኝቻለሁ፣ እሷን እኔ እነግራታለሁ።»

ከዛ የድስቴ ሳቅ፣ ከዛ ድራሙ ገባ።

ማይኩን ሳይዘጋ ነበር ያወራው። አዳራሹ ውስጥ በጩኸቱ ማንም አልሰማም፤ ጋሼ ሽቦ ግን ድምፁን ሁሉ ከሚያቀላቅለው ሚክሰር በገመድ ነው የሚቀዱት፣ ማይክ የነካው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ድስቴ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ልነግርሽ ነበር» አለ ወንድሟ።

«መቼ? ያገኘኸው ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ ውረጂ ልትለኝ?»

ቤዝሽ ይጮኻል፣ እኔን የሚሰማኝ የለም፣ ከተናገርኩሽ ደግሞ አንድ ወር ታኮርፊያለሽ አላት። አስጨርሳ ሰማችው። እሱ ወደ ጋሼ ሽቦ ዞረና ወሬውን ይቁረጡትና ከሱ የሚነሳውን ዘፈን እንላከው አለ፣ የልብስ ትርፍ ክር ይመስል። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም አንድ ላይ ነው የተቀዳው፤ ወሬው ሲቆረጥ ከስሩ ያለው የቤዝ መግቢያ አብሮ ይሄዳል፣ ዘፈኑም አንገቱ የተቀላ ዶሮ ይሆናል። ሌሎቹን ዘፈኖች ከፈቱላቸው። አንዱ ላይ ወንድሟ ግጥሙ ጠፍቶበታል፣ አንዱ ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ። የሚላከው ያው ወሬው ያለበት ነበር።

ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሺ፣ መግቢያዋን ብቻ እዚህ ድገሚልን። ጋሼ ይለጥፉታል።»

«አዲሱ ልጅህ ይድገመው።»

«እሱ እኮ ገና እዚህች ዘፈን ላይ ይሳሳታል» አለ፣ አፉ ቀድሞት።

ለካ ልምምድም ጀምረዋል። ድስቴን አየችው፣ ድስቴም ጫማውን።

«እንግዲያው አስጠናው» አለችና ጊታሯን አንግታ ወጣች።

ደረጃው ላይ ሆና ወንድሟ ድስቴን ሲሳደብ ሰማችው፤ ቀጥሎ ጋሼ ሽቦን፣ ቀጥሎ ማይኩን።